ሰንበቴ ላይ አልከፍት ያለው ገጽ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ዘሃራ፣ ያን ሁሉ ዓመት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠሽ ምን ነበር የምትሠሪው?» ይሉኛል። አስተማሪ የነበረ ሰው ያስተማራቸውን ልጆች ያሳያል፤ ግንበኛ የነበረ ያቆመውን ቤት ያሳያል። እኔ ግን የማሳየው ነገር የለኝም። የባለቤቴ እህት በጠየቀችኝ ጊዜ «ከኢንተርኔት ገጽ ላይ የማያስፈልገውን እቀንስ ነበር፤ ቶሎ እንዲከፍት» ብላት «ለመቀነስም ደሞዝ አለው እንዴ?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። አለው። ብዙ አይደለም እንጂ አለው። እንግዲህ ከመነሻው ላውራው።

ሥራ የጀመርኩት ደሴ ላይ በታይፒስትነት ነው። በዚያ ዘመን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጣት ያደማል። አንድን ፊደል ለማውጣት መጀመሪያ ገላውን፣ ቀጥሎ ቅጥያውን መምታት አለብሽ። ከሚሴ የዞን ከተማ ስትሆን የሚሠራ ሰው ስለጠፋ ተዛውሬ ወደ አገሬ መጣሁ። የገባሁበት የዞኑ ግብርና ቢሮ ቆርቆሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ካርቦኑ ጣታችን ላይ ይቀልጥብናል፤ በመስኮቱ የደሴ መንገድ አቧራና የረዳቶች ጩኸት ይገባል። እናቴ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ አጠገቤ መጣች» ብላ ሰፈሩን ሁሉ ምሳ አበላች።

ኮምፒውተር የመጣልን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣው አንዱ ብቻ ሲሆን በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ የኃላፊው ክፍል ውስጥ ከረመ። የነካው ሰው አልነበረም። ስልጠና ሲመጣ ወንዶቹ «ታይፒስት ናት፣ ጣቷ ይፈጥናል» ብለው እኔን ላኩኝ። እኔም ሄጄ ወደድኩት። በኋላ ኢንተርኔት ገባ። በስልክ መስመር ነበር፤ እየተንጫጫ ይደውላል፣ ይቆረጣል፣ ደግሞ ይደውላል። ቢሮው የራሱ ዌብሳይት ይኑረው ተባለና ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ የአማርኛ ፊደል በየኮምፒውተሩ ስለማይገኝ፣ እዚህ የጻፍነው ሌላ ቦታ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ርዕስ እንደ ሥዕል እየሠራን እንለጥፋለን። ያምራል። ሲከፈት ግን ምሳ በልተሽ ትመለሻለሽ።

አያ ሰኢድ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

አያ ሰኢድ የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በድሮው ስልክ ጣቢያ ኦፕሬተር ነበር። ሰው አዲስ አበባ ወይም ደሴ መደወል ሲፈልግ ገመዱን ሰክቶ የሚያገናኘው እሱ ነው። ሰው ያለ አገናኝ በቀጥታ መደወል ሲጀምር የእሱ ሥራ ቀረ። ሌሎቹ ጓደኞቹ ሱቅ ሲከፍቱ እሱ በዚያ ዕድሜው ደሴ ሄዶ ኮምፒውተር ተማረ። ቁመተ ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ጆሮው ግን በዚያ ሁሉ ሀሎ ሀሎ ትንሽ የደከመ ሰው ነበር። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም፤ አያ ያልኩት ስላስተማረኝ ነው።

አንድ ልማድ ነበረው። አዲስ ገጽ ስንሠራ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በተቆራረጠ ስልክ እንደሚያወራ ሰው ገጹን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነበዋል።

«ሀሎ! እንኳን ወደ ቢሯችን ድረ ገጽ በደህና መጡ! ይሰማል? በደህና መጡ ነው የምልህ! ሀሎ! ከላይ አበባ አለ! አበባ! ከአበባው ሥር ደግሞ ሌላ አበባ አለ!»

እኔ በሳቅ ስሞት እሱ ኮስተር ብሎ ያየኛል። «አንቺ ዘሃራ፣» ይለኛል፣ «ሰው ከኋላ ተሰልፎ እየጠበቀ፣ መስመሩ እየተንኮሻኮሸ፣ ይህን አበባ ጮኸሽ ትናገሪዋለሽ?»

«አልናገረውም።»

«እንግዲያ አትላኪው።»

ጣቢያ ሳለ ያየውን አንዳንዴ ያጫውተኛል። ሰው ሦስት ደቂቃ ተፈቅዶለት ሁለቱን በሰላምታ የሚጨርስ ነበር። «አካም ጅርታ፣ ነጋዳ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡስ» ሲባል ይቆይና፣ ልክ «አባታችን ታሟል» ሊል ሲል መስመሩ ይቆረጣል። አያ ሰኢድ ገመዱን ይዞ ይጨነቅ ነበር። «መቁረጥ የኔ ሥራ ነበር፤ ወላሂ እጄ እምቢ የሚለኝ ቀን ነበር» አለኝ። ለገጽ ክብደት ለምን እንዲያ እንደሚጨነቅ የገባኝ ያን ቀን ነው። ስለ ማሽን አልነበረም የሚያስበው፤ ወዲያ ጫፍ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ስለቆመው ሰው ነበር።

እንዲህ ስንሠራ ከረምንና አንድ ዓመት ትልቅ ነገር መጣልን። የእንስሳት በሽታ ሪፖርት በወረቀት መሄዱ ቀርቶ በኢንተርኔት ይሁን ተባለ። በየወረዳው ያለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሽታ ሲያይ በስልኩ ገጹን ከፍቶ ቅጹን ይሞላል፤ ክትባትም የሚጠይቀው በዚያው ነው። ገጹን ሠርተው ያመጡልን ወጣቶች ጎበዞች ነበሩ። ገጹም ያምር ነበር። ከላይ አንዲት በግ ከግራ ወደ ቀኝ ትራመዳለች። ከጀርባ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የጨፋ ሜዳ ፎቶ አለ፤ ክረምት ሲወጣ የተነሣ፣ አረንጓዴ፣ ከብቱ በቦርከና ወንዝ ዳር ተበትኖ። ፎቶውን ያነሡት ራሳቸው የቢሯችን ኃላፊ አቶ ከማል ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያን ፎቶ እንደ ልጃቸው ነበር የሚወዱት።

ቢሮ ውስጥ ገጹ ወዲያው ይከፍታል። እኛ ዘንድ የገባው መስመር ጥሩ ነበር። አያ ሰኢድ ግን ፊቱ አልፈታ አለ።

«እዚህ መክፈቱ ለእኔ ምንም አይነግረኝም» አላቸው ለአቶ ከማል። «ሰንበቴ ገበያ ወርጄ በባለሙያዎቹ ስልክ ልሞክረው።»

«ትሄዳለህ፣» አሉት፣ «አብሽር። የገጹ ምርቃት ይለፍና መኪና አዘጋጅልሃለሁ።»

ምርቃቱ አለፈ። ቀጥሎ ስብሰባ መጣ፤ ቀጥሎ መኪናው ተበላሸ። እንዲህ እየተባለ ሳንሄድ በሽታው ቀደመን።

ሰንበቴ የነበረችው ባለሙያ ሐሊማ ትባላለች፤ ከኮሌጅ ከወጣች ገና ብዙም ያልቆየች ቀጭን ልጅ። በገበያው ዋዜማ ከቆላ የመጡ ፍየሎች ሲያስሉ፣ አፍንጫቸው ሲዝረከረክ አየች። ከመንጋ ወደ መንጋ የሚጋባው ገዳይ በሽታ መሆኑ ወዲያው ገብቷታል። ገበያው ከመቆሙ በፊት ማስታወቅ አለባት። ስልኳን አውጥታ ገጹን ከፈተች። በጓ ትንሽ ተራመደችና ቆመች። የፎቶው ሰማይ መጣ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ወደ ከፍታው ወጥታ እንደገና ሞከረች፤ ቅጹ መጣላት፣ ሞላችው፣ «ላክ» የሚለውን ስትጫን ገጹ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። የጻፈችው ሁሉ ጠፋ። እንደገና ጻፈች። እንደገና ጠፋ።

ለእኔም ደወለች። «እትዬ ዘሃራ፣ ፍየል ያስላል…» የሚለውን ሰማሁ፤ የትኛው ቀበሌ፣ ስንት መንጋ የሚለውን ሳልሰማ ተቆረጠ። አቶ ከማል ወደ ክትባት መጋዘኑ ደወሉ። ጥያቄው ከባለሙያዋ በሲስተም ካልገባ አይወጣም የሚል አዲስ አሠራር ነበርና አልሆነም። እኛ ስንደውል፣ እሷ ከፍታው ላይ ስልኳን ወደ ሰማይ ይዛ ስትዞር፣ ቀኑ መሸ። በማግስቱ ገበያው ቆመ። ሐሊማ ብቻዋን በገበያው መካከል እየሮጠች «አትግዙ፣ አትቀላቅሉ» ብትልም የሰማት ጥቂቱ ነው። በሌላው ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ ቢሯችን መጣች፤ ወንበሬን ለቀቅሁላትና ሞላችው። ሻይ እንኳ ሳይቀርብላት ቅጹ ሄደ። ልጅቷ ይህን ስታይ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ክትባቱ መጣ። ግን ፍየሎቹ ከገበያው ወጥተው ግማሹ ወደ ደጋ፣ ግማሹ ወደ ቆላ፣ በየመንደሩ ገብተው ነበር። ብዙ አለቀ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ ቢሯችን መጡ። አባ ይማም ይባላሉ፤ የጨፋ ሰው ናቸው። በዚያ ገበያ ሁለት ፍየል ገዝተው ከመንጋቸው ጋር ቀላቅለው መንጋው በሙሉ አልቆባቸዋል። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው በሩ ላይ ቆሙና ሰላምታቸውን አቀረቡ። ወንበር ሰጠናቸው።

«እኔ ለክስ አልመጣሁም» አሉ። «የሰጠ አላህ፣ የወሰደም አላህ። ግን አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነው። ያችን ልጅ ሰንበቴ ሄጄ ባወራት ‹አልከፍት አለኝ፣ አልከፍት አለኝ› ትለኛለች። ምኑ ነው አልከፍት ያላት? በር ነው?»

«በር አይደለም አባ፣» አልኳቸው፣ «ገጽ ነው። በስልክ የሚታይ።»

«እስቲ አሳይኝ ልጄ።»

ወደ ኮምፒውተሬ ዞር ስል አያ ሰኢድ እጄን ያዘኝ። የራሱን ስልክ፣ እንደ ሐሊማ ያለውን ርካሹን፣ አወጣ። የቢሮውን መስመር ትቶ በስልኩ ኔትወርክ ከፈተና አባ ይማም እጅ ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው ያያሉ። በጓ መጣች። ከዚያ ሰማዩ ከላይ በቀጭኑ መውረድ ጀመረ። ቆመ። ደግሞ ትንሽ ወረደ። ተራራው መጣ። ሁላችንም እንጠብቃለን። ሜዳው ሲመጣ አባ ይማም ፊታቸው በራ።

«ይኸማ ጨፋ ነው!»

«ጨፋ ነው አባ።»

«ያ ወንዙ! ያቻት ዋርካዋ!» አሉ በጣታቸው እየነኩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩን። «ኧረ ልጆቼ፣ እኔ የምኖረው እዚያው አይደለም እንዴ? ሐሊማስ በየቀኑ የምታየው አይደለም? እሷን ያስጠበቃት ይኸ ነው?»

ቁጣ የለበትም። ከልባቸው ነው የጠየቁት።  አቶ ከማል በር ላይ ቆመው ኖሯል፤ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ገብተው ከአባ ይማም ፊት ቁጢጥ አሉና እጃቸውን ያዙ።

«አዎ አባ፣ እሱ ነው። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ቀስ ብለው «አውጡት» አሉ።

አባ ይማም ሲሄዱ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን። «አላህ እጃችሁን ያቅልለው» አሉ። ለእኛ ሥራ ከዚያ የተሻለ ምርቃት አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲያ የሠራሁት ሥራ በዘመኔ ሁሉ የምወደው ነው። ወጣቶቹ የሠሩትን እንድንነካ ፈቃድ ተገኘ፤ እንዲያውም አንዳቸው በስልክ እየመራን አብሮን ሠራ። አያ ሰኢድ እንደ ልማዱ ወንበሩን ገፍቶ ጀመረ። «ሀሎ ሐሊማ! በግ እየሄደች ነው! ከየት ወዴት? እኔ እንጃ! ዝም ብላ ነው የምትሄደው!» በጓን ሰረዝኳት። የጀርባው ፎቶ ወጣ። እንደ ሥዕል የተሠሩት ርዕሶች ተራ ጽሑፍ ሆኑ። በማእዘኑ ላይ የሚሽከረከር ሰዓት ነበር፤ ለእሱ ብቻ ብዙ ኮድ ይወርድ ነበርና እሱም ሄደ።

ቅጹ ራሱ ጉድ ነበረበት። ባለሙያው ቀበሌውን እንዲመርጥ ተብሎ የዞኑ ቀበሌ ሁሉ ይወርዳል። ሰንበቴ ያለች ልጅ የሌላውን ወረዳ ቀበሌ ምን ታደርገዋለች? ወረዳዋን አንዴ ብቻ ትምረጥ፣ ስልኩ ያስታውስላት አልን። ገጹ አማርኛንም ኦሮምኛንም አንድ ላይ ይዞ ይወርድ ነበር፤ የመረጠችው ብቻ እንዲሄድላት ለያየናቸው። የሚላከው ሁሉ ገጹ በተቀመጠበት ሰርቨር ላይ ተጨምቆ እንዲወጣ አደረግን፤ ጭድ ጆንያ ውስጥ ተረግጦ እንደሚገባው ማለት ነው። ዋናው ግን የጻፈችው ነገር ከስልኳ እንዳይጠፋ ማድረግ ነበር። ኔትወርክ ቢቆረጥ ጽሑፉ እዚያው ይቆይና መስመር ሲመለስ ራሱ ይሄዳል።

ያስቸገረን ፊደሉ ነው። ገጹ የራሱን የአማርኛ ፎንት ይዞ ይወርዳል፤ ከባድ ነበር። ማንም የማይጽፋቸውን ፊደላት እየለቀምን አወጣን። ብልህ የሆንን መሰለን። ሐሊማ ከፍታ ስታየው ደወለችልን፤ ያን ቀን መስመሩ ደህና ነበርና ሳቋ ተሰማን። «እትዬ ዘሃራ፣ የቀበሌዬን ስም መካከሉን ሳጥን አደረጋችሁት እኮ!» ካወጣናቸው ፊደላት አንዱ እዚያ ስም ውስጥ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ ፎንት ጭራሽ አንልክም አልን። የአማርኛ ፊደል ያለው ስልክ በራሱ ፊደል ያሳየው፤ የሌለው በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ያንብበው። በእኛ አገር ሁለቱንም የሚያነብ ብዙ ነው።

ፎቶውን በተመለከተ አቶ ከማል ዳግመኛ ምንም አላሉም። አያ ሰኢድ ግን ሳይነግራቸው ለብቻው ሠራበት። መጠኑን አሳነሰ፤ ከዚያ ጥራቱን በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ እያደረገ፣ ሣሩ ሣር መምሰሉን እስኪተው ሄደና አንድ እርምጃ ተመለሰ። በገጹ ግርጌ «ጨፋን ማየት ለሚፈልግ» የሚል አንድ መስመር ጻፈ። የተጫነው ብቻ ያየዋል። አቶ ከማል ሲያገኙት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «አንተ ሰው» ብለው ብቻ ወጡ።

ሲያልቅ እኔ፣ አያ ሰኢድና አቶ ከማል ሰንበቴ ሄድን። በዚህ ጊዜ መኪና አልጠበቅንም፤ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሐሊማ በከብት ተራው መካከል፣ አቧራውና የግመሉ ጩኸት ውስጥ ቆማ ስልኳን ከፈተች። አያ ሰኢድ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ቅጹ ከፈተ። ሌላ የሚታይ ነገር የለውም፤ ነጭ ገጽ፣ ጥቂት መስመር፣ አንድ ቁልፍ።

«አያምርም አይደል?» አላት አያ ሰኢድ።

«ወላሂ ያምራል» አለችው።

በሽታው በተመለሰበት ዓመት ሪፖርቷ ፍየሎቹ ገበያ ሳይደርሱ ቢሮ ደርሶ ነበር። ገበያው ለጊዜው ተዘጋ፤ ክትባቱም በጊዜ ወጣ። ያን ዓመት ለቅሶ አልሰማንም።

አያ ሰኢድ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ጨፋ ሮቢት ገብቶ ማሾና በቆሎ ይዘራ ነበር። ጁምዓ ጁምዓ ከስግደት በኋላ ይደውልልኛል። ጆሮው ጭራሽ እየደከመ ስለሄደ የምለውን ብዙም አይሰማኝም፤ ቢሆንም ይደውላል። «ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ በይ» ብሎ ይዘጋዋል። አንድ ጁምዓ ሳይደውል ቀረ። ለቀብሩ የድሮ ደንበኞቹ፣ በገመድ ያገናኛቸው ሽማግሌዎች፣ ከየት ከየት እንደመጡ አላህ ይወቀው፤ ሜዳው ሞልቶ ነበር። አላህ ይርሐመው።

እኔ ከእሱ በኋላ ጥቂት ዓመት ሠራሁ። ኔትወርኩ እየተሻሻለ መጣ፤ የመጡት ልጆች ከእኔ ይልቅ ብዙ ያውቁ ነበር። ዓይኔ ሲደክም በቃኝ ብዬ ወጣሁ። ሸኙኝ፤ ኬክ ተቆረሰ፤ አንድ ብርድ ልብስ ሰጡኝ።

ባለፈው፣ ዒዱ ሲቃረብ፣ በግ ልገዛ ሰንበቴ ወረድኩ። ገበያው ሞልቷል። በአንድ ጥግ ሐሊማን አየኋት። አሁን ሰውነቷ ሞላ ብሏል፤ የልጆች እናት ናት። አንዲት የአፋር ሴት ፍየሏን ይዛላት፣ እሷ የፍየሏን ከንፈር ገልጣ ድዷን ታያለች። በግራ እጇ ስልኳን አወጣች፣ በአውራ ጣቷ ያንን ነጭ ቅጽ ጥቂት ነካካች፣ ኪሷ ውስጥ መልሳ ከተተችው። ከሴትዮዋ ጋር የጀመረችውን ወሬ እንኳ አላቋረጠችም። አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም አየሁ።

ቀና ስትል አየችኝና ጮኸች። ተቃቀፍን፤ ትከሻ ለትከሻ ስንት ጊዜ እንደተሳሳምን አላውቅም። ከዚያ ግን አልቻልኩም፣ ጠየቅኋት።

«ሄደልሽ?»

ሐሊማ ዙሪያዋን አየች፤ ፍየሏን፣ ሴትዮዋን፣ መልሳ እኔን።

«ምኑ?» አለችኝ።